ከውኃው የወጣበት ስም

ሐርጌሳ፣ ኅዳር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ እፀገነት፣

ይህ ወረቀት ከእጅሽ ከገባ መንገዱን የጠበቀ አምላክ ይመስገን። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ብርዱ ሲገባ እንደ አምና ያስነክስሽ ይሆን? ሳልነግርሽ በመውጣቴ ይቅር በዪኝ። ብነግርሽ ታለቅሻለሽ፤ ስታለቅሺ ደግሞ እቀራለሁ። መቅረት አልሆነልኝም።

ጽሕፈቴን አትሳቂበት። ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ከስሜ በቀር ብዙ ጽፌ አላውቅም። የማገለግላት ሴትዮ ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል ሁለት ሦስት መስመር እጽፋለሁ፤ ድስቱ ሲጮህ አቆማለሁ። እናንተ ዘንድ ስልኩ ስለተዘጋ እንጂ ድምፅሽን ብሰማ ይሻለኝ ነበር። ሮብሌ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር እስከ ጅጅጋ ይወስድልኛል፤ ከዚያ ወዲያ ነጋዴ ለነጋዴ እየተቀባበለ ደሴ ይደርሳል አሉኝ።

ሰው ቢጠይቅሽ ለሥራ ሄደች በዪ። ለአንቺ ግን እውነቱን ልጻፍ። የመጣሁት የልጄን የታሪኩን የክርስትና ስም ፍለጋ ነው።

በአርባው ዕለት ቄስ ይሄይስ ለፍትሐቱ ቆመው «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» ሲሉኝ አፌን ከፍቼ መቅረቴን አይተሻል። ሰዉ ሐዘን ነው አለ። ሐዘን አልነበረም እትዬ። አላውቀውም ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ታሪኩ፣ ታሪኩ እያልኩ ያሳደግኩት ልጅ ከገበያ ሲመለስ በማያውቀው ተኩስ መሐል ወደቀ፤ እናቱ በእግዚአብሔር ፊት የሚጠራበትን ስም አጣች። ከዚህ የበለጠ ውርደት ምን አለ?

ክርስትና የተነሣ ዕለት እኔ ትኩሳት ጥሎኝ አልጋ ላይ ነበርኩ። አማቴ ነፍሷን ይማርና አቅፋ ወሰደችው። አቻምየለህ ክርስትና አባት ሆኖ ከውኃው ተቀበለው። ሲመለሱ ከጓሮ ጀምሮ ሳቁ ይሰማኝ ነበር፤ የአቻምየለህን ሳቅ ታውቂዋለሽ፣ ውሻ ያስነሣል። ስሙንም ነግረውኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። አማቴ የለች፣ ባለቤቴ የለ፤ ያጠመቁት መምሬ ዓምና ዐረፉ፣ የክርስትናው መዝገብም ከቤታቸው ጋር ተቃጠለ። የቀረ ግራኙ ግንበኛ አቻምየለህ ብቻ ነው፤ እሱም አገር ጥሎ ከወጣ ብዙ ዓመቱ ነው። ደሴ ላይ አንድ ግንበኛ «በግራ እጁ የሚለስን ወሎዬ ሐርጌሳ አይቻለሁ» ቢለኝ ነው እግሬን ያነሣሁት።

ሙት ዓመቱ ነሐሴ 19 ነው። እስከዚያ ስሙን ፈልጌ እልክልሻለሁ። ቤቴን እያየሽልኝ ነው? አጥሩን በጋው ሳይጥለው አስደግፊልኝ።

እህትሽ ሸዋርካብሽ


ወይራ አምባ፣ ጥር 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ሸዋርካብሽ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ እኛስ አለን፣ ከዛሬ ወዲያ ያለውን እሱ ያውቃል። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ በንዴት፣ አንዴ በእንባ፣ አንዴ ደግሞ ጽሕፈትሽ ስለማይነበብ።

ምነው ለእኔ ብትነግሪኝ? ስም የጠፋባት እናት አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ? የእኔን ሁለተኛ ልጅ የክርስትና ስም ጠይቂኝ እስቲ፤ ወይ «ኃይለ» ነው ወይ «ተክለ» ነው ብዬ እቀራለሁ። ቄስ ይሄይስን አማከርኳቸው። «ደብሩ የሚካኤል ነው፤ ወልደ ሚካኤል ብለን እንጥራው፤ እግዚአብሔር የራሱን ያውቃል» አሉ። ደግ ሰው ናቸው፣ ሊያሳርፉሽ ብለው ነው። አንድ ቃል ብትጽፊልኝ በዚሁ ያልቅና ትመለሻለሽ።

ስለ ቤትሽ አትጠይቂኝ። አጥሩ ደህና ነው።

መቃብሩ ላይ ድንጋይ ካብንበት። የጎረቤታችን የአስሊ ባል ነው ከወንዝ በአህያ ያመጣው። «ታሪኩ ለአህያዬ መድኃኒት ሊገዛልኝ ስንቴ ደሴ ወርዷል» አለ፤ ዋጋም አልቀበልም አለ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፤ አትዋሺኝ። ደብዳቤሽን ያመጣው ነጋዴ «ላኪዋ ራሕሞ የምትባል ሴት ናት አሉኝ» አለኝ። ራሕሞ ማን ናት? ማዕተብሽስ አንገትሽ ላይ ነው?

እፀገነት


ሐርጌሳ፣ የካቲት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ እፀገነት፣

ወልደ ሚካኤል አትበሉት፤ እለምንሻለሁ። ታሪኩን ታውቂዋለሽ፤ ሕፃን ሳለ በሌላ ስም ሲጠሩት ዞር አይልም ነበር። አባቱ ሊያበሽቀው «አንተ ጎሹ» ሲለው ጀርባውን ሰጥቶ ጭቃውን ያቦካል። ዛሬም ዞር አይልልኝም ብዬ እፈራለሁ። ቄስ ይሄይስን አመስግኚልኝ፤ ግን ይታገሡኝ።

ለጥያቄሽ መልሱ ይኸው ነው፤ ሳምንት ሙሉ ወረቀቱን ሳገላብጥ ከረምኩ። ራሕሞ እኔ ነኝ።

ወጃሌ ድንበር ላይ ያገኘሁት ደላላ ነው ስሙን የሰጠኝ። «ወሎዬ ነሽ፤ ከወሎ ሰው ማን ክርስቲያን ማን እስላም እንደሆነ የወለደችው እናት አትለይም» ብሎ ሳቀ። ራሕሞ ካልሽ በሁለት ቀን ሥራ ትገቢያለሽ አለኝ። ክርስቲያን ሴት የሚቀጥር ቤት የለም ማለት አይደለም፤ እዚህ ብዙ እህቶቻችን በገዛ ስማቸው ይሠራሉ። እኔ ግን ቸኩዬ ነበር፤ እፈራም ነበር። ከዚያ ሁሉ ተኩስ የወጣ ሰው ጥላውን ይፈራል። ማዕተቤን ፈትቼ ቀሚሴ ጠርዝ ውስጥ ሰፋሁት። ይኸው ነው እትዬ።

የገባሁበት ቤት ማሕሙድ ሃይቤ በሚባል ሰፈር ነው። እመቤቲቱ ዓምራን ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች፤ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። «አቦ፣ አንቺ ሴትዮ፣ ድስት ነው የምታጥቢው ወይስ ትዳሪዋለሽ?» ትለኛለች ቀስ ስል። ክፉ አይደለችም። ሥጋ ሲቀርብ ጨጓራዬ አይወድም እላለሁ። ረቡዕና ዓርብ ወተቱንም እንዲሁ። ስለ ታሪኩ አልነገርኳትም። ልጅ አለሽ? ስትለኝ የለኝም አልኳት፤ እሱስ ውሸት አልነበረም።

አቻምየለህን አግኝቼዋለሁ።

ፈልጌ አይደለም። አንድ ዓርብ የዓምራን ታናሽ እህት ዴቆ ከባሏ ጋር ለምሳ መጣች። «ራሕሞ፣ ነይ፣ የአገርሽ ሰው ነው፣ ማህዲ ይባላል፤ እሱም ወሎ ነው» አለችኝ ዓምራን። ሳህኑን ይዤ ቀና ስል እሱ ነው። ጸጉሩ ሸብቷል፣ ሳቁ የለም። ውኃ መቅጃውን በግራ እጁ አነሣ።

«የት ወሎ ነሽ?» አለኝ።

«ወይራ አምባ።»

«አላውቀውም» አለ። እዚያው ተወልዶ፣ የሚካኤልን ግንብ በገዛ እጁ የለሰነ ሰው!

በማግስቱ አሕመድ ዳጋህ በሚባለው ሰፈር እሱ ወደሚለስንበት ሕንፃ ሄድኩ። ከመሰላሉ ወረደና «ሸዋ፣ ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ታሪኩ ሞቷል» አልኩት።

እጁ ላይ ያለውን ሲሚንቶ በሱሪው ጠረገ። ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኩት።

«አላስታውስም» አለ።

«አንተ? የእያንዳንዱን በሬ ዕድሜ በቃል የምትይዝ? ለሠርግህ ማን ስንት እንጀራ እንዳመጣ የምትቆጥር?»

«ያ ሰው ሞቷል ሸዋ። እኔ ማህዲ ነኝ። ሶላቴን የምሰግደው ከልቤ ነው፤ የማስመሰለው የለም። ዴቆ ግን ከሙስሊም ቤት የተወለድኩ ይመስላታል። ያን የነገርኳት ላገባት ስል ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሆነ፣ ሦስት ልጅ አለን። ከዚያ ከድሮው ቤት አንድ ቃል ካወጣሁ ሌላው ተከትሎ ይወጣል።»

«እኔ ለማንም አልናገር፤ ስሙን ብቻ በጆሮዬ በለኝ።»

«አላስታውስም አልኩሽ።» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ዞሮ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አንቺስ ራሕሞ አይደለሽም? ምኔ ላይ ነው የምትፈርጂው?»

በእግሬ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ስለ ቤቴ ለምን አትጠይቂኝ አልሽ?

ሸዋርካብሽ


ሐርጌሳ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ እፀገነት፣

ብዙ ዘገየሁብሽ። ይህን የምጽፍልሽ ከዓምራን ቤት አይደለም። ምን ሆነሽ ነው ብለሽ እንዳትደነግጪ፤ ደህና ነኝ። ከከተማው ዳር አያሃ በሚባለው ሰፈር፣ ለቀን ሠራተኞች ምግብ የምታበስል ሀኒ የምትባል የጎጃም ልጅ ዘንድ ነኝ። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ። ልጆች ሆነን አንዴ እንዲሁ የገጠመበት ዓመት ትዝ ይልሻል? ከእነአስሊ ጋር ከብት ውኃ ስናወርድ እነሱ ውኃውን እያዩ፣ እኛ የእነሱን ቤት ወተት እያየን፣ «የማን ጾም ይከብዳል?» ብለን ስንከራከር? አስሊ «የእናንተ ረጅም ነው፣ የእኛ ደረቅ ነው» ብላ ፈረደች። እናታችን ለእነሱ ማፍጠሪያ አብሽ ትልክ ነበር። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ከዓምራን ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን የጀምበር መጥለቂያውን አዛን ስንጠብቅ ነው። እሷ ቴምር ታቀብለኛለች፤ እቀበላለሁ። ሳምቡሳው ሲመጣ ጨጓራዬን እይዛለሁ። ሠላሳውን ቀን አብሬያት ጾምኩ። «ራሕሞ እንደ አንቺ የጾመ አላየሁም፤ ወላሂ ታሳፍሪኛለሽ» ትለኝ ነበር። ያፈርኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ዒድ ሆነ። የእነሱ ጾም አለቀ፤ የእኔ ግን ሃያ አምስት ቀን ቀረው።

ቤቱ በሰው ሞላ። ዴቆና ማህዲ ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። ፍየሉን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሳልቀምስ፣ ጨውን በማሽተት ለክቼ። ሳህኑን ላስቀምጥ ጎንበስ ስል ዓምራን ከሥጋው ጠቅልላ ብድግ አለች። «ዛሬ ጨጓራ የለም! የደከምሽበት ነው፣ ከእጄ ትጎርሻለሽ» አለች። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እጇ አፌ ላይ ደረሰ።

እትዬ፣ ብጎርሰው ማንም አያውቅም ነበር። ግን ለልጄ ስሙን የምፈልግለት እኔ የራሴን ጥያለሁ። ነገ ስሙ ቢገኝስ እናቱ ማን ናት ይባላል?

እጇን ያዝኩና «ጾም ነኝ» አልኳት።

«የምን ጾም? ጾሙ ትናንት አለቀ!»

«የእኔ አላለቀም። ክርስቲያን ነኝ። ስሜ ሸዋርካብሽ ነው።»

የተጠቀለለው ሥጋ በመሐላችን ቆሞ ቀረ። መጀመሪያ የተናገረችው ዓምራን ናት፤ «ረቡዕና ዓርብ ወተት የማይወድ ጨጓራ እኔም አይቼ አላውቅም ነበር» አለች። አንዲት ሴት ሳቀች፤ ዓምራን ግን አልሳቀችም። ዴቆ በሶማሊኛ የሆነ ነገር አለች።

«ዴቆ ትጠይቅሻለች፤ ታዲያ ምን ፍለጋ እዚህ ድረስ በሐሰት ስም መጣሽ?» አለች ዓምራን።

«ልጄ ሞቶብኝ ነው» አልኩ። «ቤተ ክርስቲያን የሚጠራበትን ስም የሚያውቅ ክርስትና አባቱ ብቻ ነው። እዚህ አገር አለ ብለውኝ መጣሁ።»

ዓምራን ስትተረጉም ድምፅዋ ተሰበረ። ዴቆ እንደገና ጠየቀች።

«አገኘሽው ወይ ትላለች።»

ማህዲ ሳህኑን ያይ ነበር። ልጁ ጭኑ ላይ ተቀምጧል። በአንድ ቃል ልጨርሰው እችል ነበር እትዬ፤ ምላሴ ላይ ነበር። «አገኘሁት» አልኩ፤ «ግን አያስታውስም።»

እንግዳው ሲበተን ዓምራን ወጥ ቤት መጣች። የከፋኝ ክርስቲያን በመሆንሽ አይደለም አለችኝ። «ድሬዳዋ ከክርስቲያን ጋር አንድ ግቢ ነው ያደግኩት፤ የሁዳዴ ሽሮ እኔ አላውቅም? ልጅሽ ሞቶ! ቤቴ ውስጥ የሐዘን ሴት አስቀምጬ ዘፈን ስከፍት ከረምኩ። አንድ ቀን እንኳን እጅሽን ይዤ አይዞሽ አላልኩሽም። ይህን ነው የሰረቅሽኝ። አሁን ሂጂ፤ ፊትሽን ሳላይ ልቆይ።»

እውነቷን ነው። ሄድኩ። ማዕተቤን ከቀሚሴ ጠርዝ ተርትሬ አሰርኩት። ስሙ ግን አልተገኘም። የሚገኝም አይመስለኝም። ክፉ ሆኜ እንደሆን አላውቅም፤ ማህዲን ላጋልጠው ያልፈለግኩት ደግ ሆኜ ይሁን ደክሞኝ አላውቅም።

ሸዋርካብሽ


ወይራ አምባ፣ ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ሸዋርካብሽ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰን። ወረቀት የለም፣ ስለዚህ አጭር ነው።

በስምሽ ተጠርተሻል፤ ከዚህ ወዲያ ስለዚያ አልጠይቅሽም። እንደ ቄስ ይሄይስ ንግግር ባላውቅበትም፣ እናታችን ብትኖር ትስምሽ ነበር ማለት ግን እችላለሁ።

ቤትሽ በኅዳር ተቃጥሏል። አጥሩ ደህና ነው ያልኩሽ እውነቴን ነው፤ የቀረው አጥሩ ነው። ይቅር በዪኝ፤ እሩቅ ያለ ሰው ላይ መርዶ በወረቀት አይጣልም ብዬ ነው።

አቻምየለህን አትርገሚው። በጥምቀት ታሪኩን ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ ታቦቱን እንዲያይ እያለ ከሰው ሁሉ በላይ ሲያነሣው ትዝ ይለኛል። ልጁ ሸንቶበት ደረቱ ድረስ ርሶ አላወረደውም። ይህን ያደረገ ሰው አይረሳም፤ አንድ ነገር አንቆት ነው።

መንገዱ እየጠበበ ነው። በሐምሌ ካልላክሽ የሚያመጣ ሰው ላይኖር ይችላል። ካልሆነም ቄስ ይሄይስ እንዳሉት እናደርጋለን፤ ራስሽን አትጉጂ።

እፀገነት


ሐርጌሳ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ እፀገነት፣

ይህን ሮብሌን ለምኜ ነው የምሰጠው፤ ፈጥኖ እንዲሄድ። ከሁሉ በፊት እዚህ ላይ ልጻፈው፣ ቀሪው ባይነበብልሽም ይህ ይነበብ፦

አምኃ ሥላሴ።

የታሪኩ የክርስትና ስሙ አምኃ ሥላሴ ነው። ለቄስ ይሄይስ ንገሪያቸው። ጮክ ብለው ይበሉት።

እንዴት እንደተገኘ ልንገርሽ። ከቤቷ ከወጣሁ ሁለት ወር ሲሆን ዓምራን አያሃ ድረስ ፈልጋኝ መጣች። ጥቁር ለብሳ ነበር። ሀኒ ቤት በራፍ ላይ ተቀመጠችና ምንም ሳትለኝ እንደ ድሬዳዋ ሴቶች እጄን ይዛ አለቀሰች። «ልጅሽ ምን ይመስል ነበር?» አለችኝ። ነገርኳት። ሲስቅ ዓይኑ እንደሚጠፋ፣ ጫማ ሲገዛ አንድ ቁጥር ሰፋ አድርጎ እንደሚገዛ፣ ደሴ በወረደ ቁጥር ለእኔ መርፌ እንደሚያመጣና ቤቱ በመርፌ እንደተሞላ። እስኪመሽ አወራን። በመጨረሻ «ተነሺ፤ ድስቶቼ ያለ አንቺ አይዳሩም» አለች። ተመለስኩ። አሁን ሸዋ ትለኛለች፤ ረጅሙ አይመቻትም።

ከሦስት ቀን በኋላ ዴቆ ብቻዋን መጣች። የታጠፈ ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ለዓምራን ሰጠቻት። በሶማሊኛ ፊደል የተጻፈ ነው። ዓምራን አንድ በአንድ እየቆጠረች አነበበችው፤ ሁለቱንም ቃል አጣማ፤ «አም-ሃ ሲ-ላ-ሴ»።

ዴቆ ተናገረች፤ ዓምራን እየተረጎመች ነገረችኝ። ከዒዱ በኋላ ባሏ እህል አልበላ ብሎ ነበር። ሲቆይ «ያቺ ሴት ስትፈልገው የነበረው እኔን ነው» ብሎ ሁሉን ነገራት። አንድ ሳምንት አላናገረችውም፤ የዋሸኝ በትንሹ ነው በትልቁ እያለች ስታስብ። ከዚያ «ስሙን ንገረኝ» አለችው። «ለእሷ ካልነገርካት ለእኔ ንገረኝና እኔ እወስደዋለሁ። የሞተ ልጅ ስም ታግቶ አይቀመጥም፤ አላህ ፊት ምን ትላለህ?» ራሷ ጻፈችው።

ያልነገርኩሽን ልንገርሽ እትዬ። ስሙን ስሰማው ከማስታወሴ በፊት ደነገጥኩ። ልክ ያን ጊዜ እንደደነገጥኩት። አማቴ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ «አምኃ ሥላሴ ተባለልሽ፤ ለሥላሴ የተሰጠ እጅ መንሻ ማለት ነው» ስትለኝ፣ እኔ በትኩሳት ውስጥ ሆኜ እጅ መንሻማ ከሰጡት አይመለስም ብዬ ፈራሁ። እንዲያ ሲሉት እንዳልሰማ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። አንድ ቀን እንኳን በዚያ ስም ጠርቼው አላውቅም። ጠፋብኝ ስል የኖርኩት ስም ይህ ነው። የጠፋብኝ አልነበረም፤ ልስጠው ስላልወደድኩ የደበቅኩት ነው።

አሁን ጥሩት። እኔም እላለሁ፤ እየለመድኩት ነው።

ሸዋርካብሽ


ሐርጌሳ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ እፀገነት፣

የሐምሌው ደብዳቤ ደርሶሽ እንደሆን አላውቅም። ሮብሌ ጅጅጋ አድርሼዋለሁ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ዝግ ነው ይላሉ። ካልደረሰሽ ይህን ስታገኚ፣ ቀኑ ቢያልፍም ባያልፍም፣ አምኃ ሥላሴ ብላችሁ ጥሩልኝ። አስቀድሞ የጻፍኩልሽን ሁሉ ሌላ ጊዜ እደግመዋለሁ።

ትናንት እሑድ ሙት ዓመቱ ነበር። እዚህ የምንቆምበት ደብር የለም፤ ፍትሐት የሚያደርስ ካህንም የለም። ለአያሃ የቀን ሠራተኞች ንፍሮ ላብስል ብዬ ለዓምራን ነገርኳት። «የምኑን ንፍሮ?» አለች። ስነግራት «አቦ፣ ይኼ እኮ ዓምቡሎ ነው!» ብላ ቀይ ቦሎቄውን እንደ አገሯ ቀቀለችው፤ ዘይትና ስኳር ጨምራ። ተይ ብላት አልሰማ አለች። «ሐዘን ነው ብለሽ ሆዳቸውን አታሳዝኚ።» ዴቆ ቂጣ ጋገረች። ማህዲ ድስቱን በመኪና አመጣው፤ ከዚያች ዒድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተያየን። ሰላም አለኝ፣ ሰላም አልኩት። ሌላ ቃል አልነበረንም።

ሠላሳ ያህል ሰው መጣ፤ አብዛኛው የእኛ ሰው፣ ግማሹም ከእሱ ጋር የሚለስኑ ናቸው። «ስኳር ያለው ንፍሮ! እኛም ስንሞት ሐርጌሳ ቅበሩን» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ደስ አለኝ። ታሪኩም ቢኖር ይህን ይል ነበር።

ከመብላታቸው በፊት አንድ ሸምገል ያሉ የመንዝ ሰው ቆብ አውልቀው ቆሙ። «የሟቹን ስም ማን እንበል?» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። ስንት ጊዜ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን የተለማመድኩት ስም ነው፤ አልወጣ አለኝ። እንደ አርባው ቀን ያው ሆንኩ። ሰዉ ይጠብቃል። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አምኃ ሥላሴ» አለ አንድ ሰው ከኋላዬ።

ማህዲ ነው። ድስቱ አጠገብ ቆሟል፤ እጁ ጥላሸት ነው።

አንዱ ወጣት ግንበኛ ሳቀ፤ «ማህዲ፣ አንተ ደግሞ የክርስትና ስም ከየት አወቅህ?»

«ከውኃው የተቀበልኩት እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። «ያን ጊዜ አቻምየለህ እባል ነበር። ስለ እሱ ወደ ምዕራብ ዞሬ ሰይጣንን የካድኩት፣ ወደ ምሥራቅ ዞሬ ያመንኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ማህዲ ነኝ፤ ማንም አይሳሳት። ልጁ ግን አምኃ ሥላሴ ነው። መስክሬያለሁ።»

ማንም አልሳቀም። ዴቆ ቂጣውን እንደያዘች አጠገቡ መጥታ ቆመች። የመንዙ ሰው ቆባቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «የአምኃ ሥላሴን ነፍስ ይማር» አሉ። ሰዉ ሁሉ ተቀበለ። ዓምራን «አሚን» አለች ከሁሉ ጮክ ብላ።

እኔም እትዬ፣ ልጄ ከሞተ ወዲህ በሰው መሐል ድምፄን ከፍ አድርጌ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው። ዝም በዪ ያለኝ ሰው የለም።

እህትሽ ሸዋርካብሽ